የአክስቴ አጉሊ መነጽር የተመረጠ ዕለት

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። አግዳሚው ላይ ቦታ ያጣ ምንጣፉ ላይ ይቀመጥ፤ መሬት ማንንም ገፍትራ አታውቅም። በሩን ገርበብ አድርጉት፣ ነፋሱ ቃሌን ይወስድብኛል። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ አክስቴ ነው፤ ስለ አጉሊ መነጽሯና አባቴ እቤታችን ውስጥ ስለሠራው ሲኒማ። ልጅ ሆኜ ያየሁትን በልጅ ዓይን እንዳየሁት አወራችኋለሁ። ያልገባኝ ቦታ ስደርስ ደግሞ ቆም ብዬ አቃናዋለሁ፤ ታገሡኝ።

አክስቴ የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እኛው ቤት፣ በመንገዱ በኩል መስኮት ባለው ክፍል ውስጥ ትኖር ነበር። ሥራዋ የተቀደደ ልብስ መጠገን ነው። መጠገን ስላችሁ እራፊ መለጠፍ እንዳይመስላችሁ። እሷ ልብሱን በራሱ ክር ነበር የምታድነው። ኮት ከሆነ እጥፋቱን ከውስጥ ትፈታና ማንም ከማያየው ቦታ ክር ትመዝዛለች፤ በዚያ ክር ቀዳዳውን ላይና ታች እያለች እንደ አዲስ ትሸምነዋለች። ስትጨርስ ባለቤቱ ራሱ "የቱ ጋ ነበር የተቀደደው?" እያለ ይፈልጋል። ያን ጊዜ ነው አክስቴ የምትስቀው።

"እሱን ካገኘኸውማ ምኑን ሠራሁት?" ትለዋለች።

ዓይኗ ግን ደካማ ነበር። በልጅነቷ ታማ ነው አሉ። ከክንድ የራቀ ነገር ለሷ ቀለምና ጥላ ብቻ ነው፤ ቅርቡም ቢሆን ክርን ከክር አያስለያትም። የዓይን መነጽር ተሞክሮላት ምንም አልፈየደ። የፈየደላት ሥራውን ያስተማረቻት አሮጊት ስትሞት የተወችላት አጉሊ መነጽር ነው። የሻይ ሰሃን ያህላል፤ ወፍራም ነው፤ በነሐስ አንገት ላይ ተተክሎ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል። እንዲህ ያለ ገበያ ላይ አይገኝም። የሚገኘው የልጅ መጫወቻ የመሰለ ፕላስቲክ ነው። አክስቴ ከሥራ ስትነሳ ጨርቅ ታለብሰዋለች።

"ፀሐይ ካገኘው ቤቱን ያነደዋል፣ እሙዬ" ትለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ታስሮ የሚውል እንስሳ ይመስለኝና በጨርቁ ላይ እየዳበስኩ አባብለው ነበር።

አባቴ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ነው። ከቤታችን ፊት ለፊት ያለችው ክፍል ሱቁ ናት፤ ሆዳቸው የተከፈተ ቴሌቪዥኖች፣ የሽቦ ጥቅልል፣ የብየዳ ጢስ ሽታ። ድሮ በሩ ላይ ሰው ይሰለፍለት ነበር አሉ። እኔ ነፍስ ሳውቅ ግን ሰዉ የተበላሸውን ጥሎ አዲስ መግዛት ለምዶ ነበርና አባቴ ብዙውን ቀን በሩ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ሲያይ ይውላል። በአክስቴ በር በኩል ነበር ሰው የሚገባው የሚወጣው። የቤቱ ጉሮሮ የሚርሰው በእሷ እጅ ነበር።

አንድ ቀን ጎረቤቶቻችን ከደጅ ቆመው "የዚህ ቤት አባወራ እንደሆነ በመስኮቱ በኩል ነው ያለው" ሲሉ ሰማሁና የአክስቴን አልጋ ሥር ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከጫማዋ በቀር ማንም የለም። ለአባቴ ሄጄ "አባባ፣ አባወራው አልጋ ሥር የለም" አልኩት። ምን እንዳልኩ ጠይቆ አስደገመኝ። ከዚያ እጁ ላይ የነበረውን ጉጠት ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። እኔ የሳቀ መስሎኝ ሳቅሁ።

በዚያው ሰሞን አክስቴ ከዋናው መንገድ ዳር፣ ከዳቦ ቤቱ አጠገብ ክፍል አገኘች። የራሷ በር ያለው፣ ብርሃን በሁለት በኩል የሚገባው። ባለቤቲቱ ወሩ ሲያልቅ ልትሰጣት ተስማሙ። አክስቴ ደስታዋን የምትደብቅበት አጥታ ቤቱን ስታንጎራጉርበት ዋለች። "የራሴ በር፣ እሙዬ። አስበሽዋል? ሳላንኳኳ የምገባበት በር።" እኔ ግን ያን ሌሊት ትራሴን ነክሼ አለቀስኩ። አክስቴ እንዳትሄድብኝ ነበር የምፈልገው። በዓለም ላይ ሌላ ምንም አልፈልግም ነበር።

ይኼኔ ነው አባቴ "ሲኒማ ልሠራ ነው" ያለው።

ሁላችንንም ሰብስቦ አስረዳን። ትንሽ ቴሌቪዥን ከእንጨት ሣጥን ውስጥ ይገባል። ሣጥኑ ከውስጥ ጥቁር ይቀባል። ከፊቱ ቀዳዳ ይበጅለትና ቀዳዳው ላይ ሌንስ ይገጠማል። ክፍሉ ሲጨልም በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ወጥቶ ግድግዳውን ያክላል። "ሌንስ ግን ምስሉን ይገለብጠዋል" አለና ቴሌቪዥኑን ከኋላው ከፍቶ ሁለት ሽቦ አቀያየረ። ወዲያው ዜና የሚያነበው ሰውዬ በአናቱ ቆመ። ክራባቱ ግን አልወረደም። ደሙ ፊቱ ላይ ይወርድበታል ብዬ ፈራሁለት፤ እሱ ግን ዜናውን ቀጠለ። አባቴ ከዚያን ቀን በፊት እንደዚያ ትልቅ ሆኖ ታይቶኝ አያውቅም።

"ምክትል!" አለኝ።

"አቤት ጌታዬ!"

"እሑድ ሌንስ እንመርጣለን። ግድግዳውን ጥረጊ።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ የዕቃ ቤቱ መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፈነ። አባቴ ነበር፣ እናቴ ነበረች፣ እኔ ነበርኩ፤ አክስቴ በሩ ላይ በርጩማ ተደርጎላት ተቀምጣለች። ደግሞም ጋሽ ፎቶ መጣ። ጋሽ ፎቶ የሠፈሩ ፎቶ አንሺ ነው፤ ሁሉም በዚህ ስም ነው የሚጠራው። ያንን ድሮ በጥቁር ጨርቅ ውስጥ አንገቱን ቀብሮ የሚያነሳበትን ትልቅ የእንጨት ካሜራ ሌንሱን ነቅሎ በካልሲ ጠቅልሎ ይዞት ነበር።

መጀመሪያ የሟች አያቴ የዓይን መነጽር ተሞከረ። ግድግዳው ላይ የረጠበ የእሳት እራት የመሰለ ነገር ታየ። እናቴ "ነፍሱን ይማረው፣ በዚህ ነው እንዴ ሲያየን የኖረው?" አለች፤ ሁላችንም ሳቅን። ቀጥሎ አባቴ ከገበያ የገዛው የፕላስቲክ አጉሊ መነጽር ገባ። ሰው መሳይ ነገር ወጣ፤ ግን ወተት ውስጥ የወደቀ ይመስላል።

"በል እስቲ ዞር በል" አለ ጋሽ ፎቶ። ካልሲውን ፈታ። የእሱ ሌንስ አጭር የነሐስ ቧንቧ ነው፤ ውስጡ መስታወት ከመስታወት ኋላ ተደርድሯል። ቀዳዳው ላይ ሲደግነው ግድግዳው ድንገት ነቃ። አንድ ሰውዬ ውሃ ይጠጣ ነበር፤ አገጩ ላይ የቀረችው ጠብታ ትታያለች። ከጥጉ ላይ ያለችው ጽሑፍ ሳትቀር ትነበባለች።

"ከዳር እስከ ዳር!" አለ ጋሽ ፎቶ። "አየህ? ይኸው ውሰደው። እኔ ጋ አቧራ ነው የሚበላው።"

አባቴ ግድግዳውን ሳይሆን አክስቴን ነበር የሚያየው። "ጨለም ይላል" አለ።

"የቱ ጋ?"

"ጨለም ይላል አልኩህ። እትዬ፣ እስቲ ያንቺን ለአንድ አፍታ ብታመጪልን።"

አክስቴ ሄዳ አመጣችው። እንደ አራስ ልጅ በጨርቁ ጠቅልላ፣ ሁለት እጇን ከሥሩ አድርጋ። "አደራ፣ አንገቱን እንዳትይዙት፣ ላላ ይላል" አለች። አባቴ ነቅሎ ደገነው።

ምን ልበላችሁ! ግድግዳው ላይ ቀስተ ደመና ወጣ። መካከሉ ጥሩ ይታያል፤ ዳር ዳሩ ግን ሰውዬው ቀልጦ፣ ጽሑፉ ጎብጦ፣ በቀይና በሰማያዊ ተከቦ። እጄን ዘርግቼ ቀለሙን ልነካው ሮጥኩ። ከዚያ በፊት እንዲህ ያማረ ነገር አላየሁም። ሌንስ ማለት ይህ ነው ብዬ ደመደምኩ።

"ጠርዙ ፈሷል" አለ ጋሽ ፎቶ። "ቀለም ይረጫል። ይኼ ለእጅ ሥራ የተሠራ መስታወት ነው ወንድሜ፣ ለግድግዳ አይሆንም።"

አባቴ ወደ እናቴ ዞረ። "ዳኛዋ አንቺ ነሽ። ፍረጂ።"

እናቴ የሻሿን ጫፍ ይዛ ቆመች። "እስቲ አንዴ ድገምልኝ" አለች። የነሐሱን አሳያት፤ ቀጥሎ የአክስቴን አሳያት። እናቴ ዓይኗን ጨፈን ከፈት አደረገች። "የእትዬ ይሻላል" አለች።

"እውነት?" አለች አክስቴ ከበርጩማዋ። ግድግዳው ላይ ያለውን አታይም፤ ፊቷ ግን እንደ ልጃገረድ ፊት ቀላ። "እውነት የኔው በለጠ? ያቺ አሮጊት ይኼን ብትሰማ!"

"ለሚመጣው እሑድ ፊልም ብቻ ነው፣ እትዬ" አለ አባቴ። "ትውስት ነው። ሠፈሩን አንዴ እናሳየውና እመልስልሻለሁ።"

"ምን ቸገረኝ! ሰው ይደሰትበት።"

ጋሽ ፎቶ ሌንሱን ካልሲው ውስጥ መለሰ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞር ብሎ "አንተ ሰው፣ ለሣጥን ሌንስ እየመረጥክ አይደለም" አለውና ወጣ። አባቴ እየሳቀ ነገረን፦ "የተሸነፈ ሰው ብዙ ያወራል።" እኔም አመንኩት። ለጋሽ ፎቶ አዘንኩለት፤ ሌንሱ ቀስተ ደመና ስለሌለው ቀንቶ ነው አልኩ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። ያን ግድግዳ ዛሬም ዓይኔን ጨፍኜ አየዋለሁ። ጠብታዋ የታየችው በየትኛው ነው? ጽሑፉ የተነበበውስ? ልጅ ቀለም ያታልለዋል፤ ትልልቆቹን ግን ቀለም አላታለላቸውም። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እናቴ አልጋ ይዛ በነበረችበት ጊዜ፣ ውሃ እያጠጣኋት ጠየቅኋት። "የጋሽ ፎቶ ሌንስ ይበልጥ ጥርት እንደሚል አይተሽ ነበር ወይ?" አልኳት። ኩባያውን ከአፏ አራቀች። "ዓይን ነበረኝ እኮ ልጄ" አለችኝ። ቀጥላም "እትዬ ብትሄድ ከአባትሽ ጋር ብቻዬን መቅረቴ ነው። መነጽሩ ትንሽ ቢቆይ ክፍሉን ሌላ ሰው ይወስደዋል ብዬ ነው" አለች። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ወደዚያው እንመለስ።

አክስቴ እጇ ላይ የዳቦ ጋጋሪው ኮት ነበር። የክት ኮቱ ነው፤ ልጁን የሚድርበት፤ ክርኑ ላይ ሚስማር ቀዶበታል። "አባቱ፣ መነጽሩን ለዛሬ ብቻ ብትመልስልኝ?" ስትለው አባቴ "ሣጥኑ ገና እየደረቀ ነው፣ እትዬ፤ ትንሽ ታገሺ" ይላታል። እሷ ደግሞ ቃሏን ማጠፍ አትወድም። በጣቷ እየዳበሰች ጀመረች።

ያን ጊዜ አባቴ ሊጠገን የመጣ የቪዲዮ ካሜራ ነበረው፤ ጠግኖት "እየሞከርኩት ነው" ይላል። ጠዋት ላይ ጣቱን አፉ ላይ አድርጎ ጠራኝና "ምክትል፣ ለአክስትሽ ማስታወቂያ ልሠራላት ነው። እንዳትነግሪያት፣ ድንገት ነው የምናስደስታት" አለኝ። ማስታወቂያማ አውቃለሁ! ቴሌቪዥን ላይ ከፊልሙ በፊት የሚመጣው፣ ሳሙናና ቀለም የሚያሞግሰው። ለአዲሱ ክፍሏ ነው አልኩ። እንድትሄድብኝ ባልፈልግም ሠፈሩ ሁሉ ሊያወድሳት ነው ብዬ ልቤ ሞቀ። ከአባቴ ኋላ ሆኜ በእግር ጣቴ እየተራመድኩ እስከ በሯ ሄድን።

አክስቴ መርፌውን ከዓይኗ ሥር አስጠግታ ክር ለማስገባት ትሞክራለች። ክሩ በጎን ያልፋል። በምላሷ ታረጥበዋለች፤ አሁንም በጎን ያልፋል። በመጨረሻ በጣቷ ስሜት አስገባችው። ከዚያ ኮቱን ጭኗ ላይ ዘርግታ መስፋት ጀመረች፤ እየሰፋችም ታንጎራጉራለች። ጣቷን ወጋችው፣ መጠጥ አደረገችው፣ ቀጠለች። ካሜራዋ በስሱ እዝዝ ትላለች። አባቴ ከደጅ "እትዬ!" ብሎ ተጣራ፤ ድምፁን ከሩቅ አስመስሎ። አክስቴ "አቤት!" ብላ ስትነሳ ኮቱም አብሮ ተነሳ። ከቀሚሷ ጋር ሰፍታዋለች። ሳበችው፤ ኮቱ ሲጎተት በርጩማው ወደቀ፣ የክሩ ቆርቆሮ ተገለበጠ። እሷ ግን ኋላዋን በእጇ እየፈለገች "ማነው? ማነው የያዘኝ? ልቀቁኝ እንጂ!" አለች።

አባቴ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ ካሜራውን ዘጋ። እኔ እጄን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር። ማስታወቂያ አስቂኝ ሲሆን ሰው ቶሎ ይይዘዋል፤ አባቴ ብልህ ነው ብዬ አሰብኩ።

እሑድ ደረሰ። ዕቃ ቤቱን ሰው ሞላው። ፀሐይ በውጭ ሞቆ ሳለ ውስጡ ጨለማ፤ የላብና የአቧራ ሽታ። የቻለ አግዳሚ ይዞ መጥቷል፣ ያልቻለ ቆሟል። ዳቦ ጋጋሪው ከፊት ተቀመጠ፤ ጋሽ ፎቶ አልመጣም። አክስቴን እናቴ ክንዷን ይዛ ከመሃል አስቀመጠቻት። ንጹሕ ቀሚሷን ለብሳለች። ሰዎች "መነጽርሽ ነው አሉ ሲኒማ ያመጣልን፣ እግዜር ይስጥልን" ሲሏት ወደ ድምፁ ሁሉ ራሷን ትነቀንቃለች።

ሣጥኑ በራ። "ከፊልሙ በፊት አጭር ማስታወቂያ አለን!" አለ አባቴ። "ልብሳችሁን ለማን እንደምትሰጡ እወቁ!"

ግድግዳው ላይ፣ ከጣሪያ እስከ ወለል፣ በቀስተ ደመና ተከባ አክስቴ ታየች።

መጀመሪያ ጥቂት ሰው ነው የሳቀው። ክሩ በጎን ሲያልፍ ብዙ ሰው ሳቀ። ጣቷን ስትወጋ አንዱ "አይ የኔ እናት፣ እሱ ጣትሽ ነው፣ ጨርቁ ወዲህ ነው!" ብሎ ጮኸ፤ ቤቱ ተናጋ። "ኮቴ!" አለ ዳቦ ጋጋሪው ብድግ ብሎ። "የኔ ኮት አይደለም እንዴ ይኼ!" "ሙሽሪት እሷው ናት፣ ከኮትህ ጋር ተሰፍታልሃለች!" አለው ሌላው። አግዳሚው ላይ ሆዱን ይዞ የወደቀ ነበር።

አክስቴም ሳቀች። ሁሉም ሲስቅ ትንሽ ትቆይና ትስቃለች። ለሷ ግድግዳው ላይ ያለው ቀለምና ጥላ ነው፤ ሰው ሲደሰት ግን ደስታው ይጋባባታል። ጎኗ ያለችውን ሴት በክርኗ ነካ አድርጋ "ምን ሆነ? ምን አደረገ?" ትላለች። ሴትዮዋ አፏን በሻሿ አፍና ዞር አለች። እኔ አክስቴን እያየሁ "ቆይ፣ አሁን ታውቅና ትደሰታለች" እያልኩ ወንበሬ ላይ እዘላለሁ።

ካሴቱ ላይ "እትዬ!" የሚለው ጥሪ ተሰማ። "አቤት!" አለ የአክስቴ ድምፅ ከሣጥኑ። ቀጥሎም "ማነው? ማነው የያዘኝ? ልቀቁኝ እንጂ!"

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። የአክስቴ ጆሮ ግን ያን ቀን ባዳ አልሆነባትም። ሳቋ አፏ ላይ እንዳለ ቀረ። ጥርሷ እንደተገለጠ፣ ፊቷ ግን ከኋላው ሄደ።

ተነሳች። ሰዉ እየሳቀ መንገድ ለቀቀላት። እጇን ዘርግታ ወደ ብርሃኑ ሄደች፤ ስትጠጋ ምስሉ በቀሚሷ ላይ፣ በአንገቷ ላይ፣ በፊቷ ላይ አረፈ። ሣጥኑን ዳበሰች። ጣቶቿ ቀዳዳውን አገኙት፤ መነጽሯን አወቁት። ዙሪያውን ቀስ ብለው ዞሩ፣ ልክ ስፌት እንደሚመረምሩት አድርገው። አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። በጥፍሯ ጫር ጫር አደረገችው።

"ማጣበቂያ ነው" አለች። ጮክ አላለችም፤ ግን ቤቱ ዝም እያለ ነበር። "ደርቋል። ትውስት ነው አላልከኝም?"

"እንዳይወድቅ ብዬ ነው፣ እትዬ። አሁን ሰው ፊልሙን ይይ።"

"ይነቀላል?"

"ቢነቅሉት ይሰነጠቃል።"

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች፤ የተነገራትን እንደ ተቀበለ ሰው። ከዚያ ዓይኗን ወደሌለችበት አቅጣጫ አድርጋ እናቴን ፈለገቻት። "እህቴ፣ የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ጥርት ብሎ ታየሽ?"

እናቴ ከጨለማው ውስጥ "ነይ ተቀመጪ፣ እትዬ፤ ሰው እያየን ነው" አለች።

አክስቴ ተመልሳ ተቀመጠች። ፊልሙም ጀመረ። የፈረሰኞች ፊልም ነበር፤ ፈረሶቹ ዳር ሲደርሱ እግራቸው እየቀለጠ ነበር የሚጋልቡት። እስኪያልቅ ድረስ ተቀምጣ አየችው። አየችው ልበል እንጂ፤ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞራ ቆየች። እኔ በጣም ወዳው ነው ብዬ እጄን እጇ ውስጥ ከተትኩ። እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ስነሳ እናቴ ዕቃ ቤት ነበረች። ተንበርክካ በወጥ ቤት ቢላዋ የመነጽሩን ዙሪያ ትፍቃለች። ግንባሯ ላይ ላብ፤ ከንፈሯን ነክሳለች። አባቴ ገና አልነቃም። በሩ ላይ ቆሜ ሳያት በአክስቴ ተናዳ ዕቃዋን የምታበላሽባት መሰለኝ። ሳትናደድ እንዲያ ትፍቃለች ብዬ አላሰብኩም። ቢላዋው አንዴ ገባ፣ ሲጠመዘዝ ግን "ቀጭ" የሚል ድምፅ ተሰማ። ትንሽ ድምፅ ነው፤ ደረቅ እንጨት እንኳ ከዚያ በላይ ይጮሃል። መነጽሩ ከዳር እስከ ዳር ተተረተረ።

ከክፍሏ የአክስቴ ድምፅ መጣ። "ተሰነጠቀ?"

"አዎ፣ እትዬ።"

"እጅሽን ቆረጠሽ?"

"አልቆረጠኝም።"

"በይ ተይው።"

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። ዳቦ ጋጋሪው ነው፤ ኮቱን ሊወስድ። ከኋላው ደግሞ ሌላ ሰው ቆሟል፣ ከሱም ኋላ ሌላ። ከመንገዱ እስከ በራችን ሰልፍ ሆነ። አባቴን ልቀሰቅስ ሮጥኩ፦ "አባባ፣ ማስታወቂያው ሠራ! ሰዉ ሁሉ መጥቷል!" አልኩት። አልጋው ላይ ሆኖ ጣሪያውን እያየ "አዎን ሠራ" አለ።

ዛሬ ሳስበው ያ ሰልፍ ልብስ ሊያመጣ የመጣ አልነበረም። ባዶ እጃቸውን ገብተው ሙሉ እጃቸውን ነበር የሚወጡት። አክስቴ ሱሪውን፣ ሹራቡን፣ ቀሚሱን በጣቷ እያወቀች ለየባለቤቱ ታስረክባለች። "የቱ ጋ ነበር የተቀደደው?" ብሎ የጠየቀ አንድም የለም። ጥቂቶቹ ገልጠው ሊፈትሹት ይሞክራሉ፤ ሌሎቹ ዓይናቸውን ሰብረው ይወጣሉ። ዳቦ ጋጋሪው ኮቱ ላይ የቀረውን የቀሚሷን ክር በጥርሱ ሲበጥስ አይቼዋለሁ።

በመጨረሻ የአዲሱ ክፍል ባለቤት መጣች። ቁልፉን ይዛለች፤ ትልቅ ቁልፍ ነው፤ በቀይ ክር የታሰረ። በሩ ላይ ቆማ ጉሮሮዋን ጠረገች። "እንግዲህ የኔ እመቤት፣ እኔም ሰምቻለሁ። ክፍሉን ትወስጂዋለሽ ወይስ...?"

አክስቴ ባዶ ጠረጴዛዋን በመዳፏ አንዴ ከዳር እስከ ዳር ጠረገችው። "ለሌላ ስጪው" አለች።

ልጆቼ፣ እኔ ያን ጊዜ ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? ጮህኩ፤ የደስታ ጩኸት። "አክስቴ ልትቀር ነው! አክስቴ አትሄድም!" እያልኩ ክፍሉን ዞርኩት፤ ወገቧ ላይ ተጠመጠምኩ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ ሳታየኝ ወጣች።  ኋላ የአክስቴ እጅ መጥቶ ራሴን አገኘው። ፀጉሬን ዳበሰችኝ፤ ከግንባሬ እስከ ማጅራቴ፣ ቀስ ብላ፣ ደጋግማ።

"በጣም ደስ አለሽ፣ እሙዬ?"

"በጣም!"

"በይ እንግዲህ" አለች። "አንድ ሰው እንኳ ደስ ይበለው።"

እኛው ቤት ኖራ እኛው ቤት ሞተች። አንድም ቀን ክፉ ቃል ሲወጣት አልሰማሁም፤ ስታንጎራጉርም ግን ዳግም አልሰማሁም። እናንተ እንግዲህ ወደየቤታችሁ ስትሄዱ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት አልቀየማችሁም። ያቺን ጠዋት ብቻ፣ ቁልፉ ተመልሶ ሲሄድ የእኔን ራስ እየዳበሰች የቆመችውን አክስቴን አንዳንዴ አስታውሱልኝ። አደራ።